የብር ጨው፣ የልዑል ፊት

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በልጅነቱ እንግሊዝ አገር የተነሣውን ፎቶግራፍ ያላየ የታሪክ አንባቢ ጥቂት ነው። የአገሩን ልብስ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ጌጥ አለ፤ ፊቱ አዝኗል። ፎቶግራፉ በወጣ ቁጥር የሚነገረው ያው ነው፤ የመቅደላ ጦርነት፣ የአባቱ አሟሟት፣ የእናቱ በመንገድ መቅረት፣ የልጁ ስደት። ይህ ሁሉ ሊነገር ይገባል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ለመስማት ስንቸኩል ፎቶግራፉን ራሱን፣ በሰው እጅ የተሠራውን ዕቃ፣ ሳናየው እናልፋለን።

ዕቃው መታየት የሚገባው ነው። ከስስ ወረቀት፣ ከእንቁላል ነጭ፣ ከብርና ከጥቂት ወርቅ የተሠራ ነው። የሠራችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1868 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ቦታው ከደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ማዶ ያለችው የዋይት ደሴት ናት። በዘመኗ የነበሩ የሙያው ሰዎች ካሜሮንን ሥራ የማታውቅ ግዴለሽ አድርገው ይቆጥሯት ነበር። ነቀፋቸው መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ ጉድለት ብለው የቆጠሩት ሁሉ እውነትም ፎቶግራፎቿ ላይ አለ። የሳቱት ሙያዋ የት ላይ እንዳለ ነው። ያንን ለማየት ከሁሉ በፊት የሥራዋን ዋና ማቴሪያል፣ ሲልቨር ናይትሬት የሚባለውን የብር ጨው፣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሲልቨር ናይትሬት የሚገኘው ብርን በናይትሪክ አሲድ በማሟሟት ነው። ብሩ አረፋ እየደፈቀ ያልቃል፤ ቡናማና መርዛም ጭስ ይወጣል፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ጠፍጣፋ፣ ቀለም የሌላቸው ክሪስታሎች ይቀራሉ። ብሩ ንጹሕ ካልሆነ ፈሳሹ ያጋልጠዋል፤ መዳብ ካለበት ሰማያዊ ይሆናል። በዚያው ዘመን አገራችን ገበያ ላይ ይሠራበት የነበረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ብሩ 83 በመቶ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም በመንገዱ ላይ ለስንቅና ለጭነት ከብት የከፈለው በዚሁ ጠገራ ነበር። አንዱን ጠገራ አሲድ ውስጥ ብንጨምረው ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል። መዳቡን ለይተን ካወጣን በኋላ 37 ግራም ያህል ሲልቨር ናይትሬት እናገኛለን። ይህም ያኔ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይጠቀሙበት በነበረው መጠን ሲበጠበጥ ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ሥዕሉ የሚያዝበት ትልቅ መስታወት የሚነከርበትን ዕቃ ለመሙላት የብዙ ጠገራ ብር ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ሥራ ባለጸጋን እንኳ የሚያሳስብ ወጪ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጨውየው ከክብደቱ 63 በመቶ በላይ ብር ሆኖ ሳለ እንደ ብረት የሚያስቆጥረው ጠባይ የለውም። ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት ከ200 ግራም በላይ ይሸከማል። ከ210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት አለፍ ሲል ይቀልጣል፤ ስለዚህ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ እየፈሰሰ እንደ እርሳስ የቀጠነ በትር ይሠራበታል። ሐኪሞች በዚያ በትር በቆዳ ላይ የሚወጣን ኪንታሮትና አልድን ያለ የቁስል ሥጋን ሲያቃጥሉበት ኖረዋል። ዛሬም ነስር የማያቆም ሰው ሐኪም ቤት ቢሄድ ጫፉ በዚህ ጨው የተለበጠ ቀጭን እንጨት አፍንጫው ውስጥ ሊነካለት ይችላል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ካርል ክሬዴ የተባለ ጀርመናዊ የማኅፀን ሐኪም ላይፕዚግ ውስጥ ሁለት በመቶ ሲልቨር ናይትሬት ያለበትን ጠብታ በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ ማድረግ ጀመረ፤ ከእናት በሚተላለፍ የጨብጥ ተዋሲያን ሳቢያ ይታወሩ ከነበሩት ሕፃናት ብዙዎቹ በዚህ ተርፈዋል። ያው ጨው በዛ ሲል ዓይን ያጠፋል።

ለፎቶግራፍ የሚጠቅመው ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ንጹሑ ጨው ብቻውን በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ቢቀመጥ ብዙም አይለወጥም። ከወረቀት፣ ከቆዳ፣ ከእንቁላል፣ በአጠቃላይ ሕይወት ካለው ነገር ከመጣ ጋር ሲነካካና ብርሃን ሲያገኘው ግን ብሩን ይለቃል፤ የተለቀቀው ብር ደግሞ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አያብረቀርቅም፣ ይጠቁራል። አንድ ጠብታ ጣት ላይ ቢወድቅ በዚያች ሰዓት ምንም አይታይም። ሰውየው እጁን ታጥቦ፣ ረስቶት፣ ደጅ ይወጣል፤ ኋላ ጣቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያገኛል። ሳሙና አያስለቅቀውም፤ ቆዳው ራሱ ተልጦ እስኪተካ መታገሥ ነው። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው። ይህ ጨው ብርሃን የነካውንም ሰው የነካውንም ይመዘግባል፤ ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ በሲልቨር ናይትሬት የሚሠራ ሰው ፎቶግራፉ ላይ ራሱን ላለመጨመር ከፈለገ ከእያንዳንዱ ጣቱ ጋር መታገል አለበት።

ከዚህ ጨው ጋር የተደረገው ትግል ረጅም ታሪክ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዮሐን ሃይንሪሽ ሹልጸ የተባለ ጀርመናዊ መምህር ኖራ ከብር ፈሳሽ ጋር በጠርሙስ ደባልቆ፣ የተቆራረጠ ወረቀት በጠርሙሱ ላይ ለጥፎ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ የከለለው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ያልከለለው ጠቆረ። የሚያጠቁረው ሙቀት ሳይሆን ብርሃን እንደሆነ በዚህ ታወቀ። በ1802 እንግሊዛውያኑ ቶማስ ዌጅዉድና ሃምፍሪ ዴቪ ሲልቨር ናይትሬት በተቀባ ወረቀትና ነጭ ሌጦ ላይ የቅጠልን ጥላ መያዝ ቻሉ፤ ማጽናት ግን አቃታቸው። ሥዕሉን በሻማ ብርሃን ካላዩት በስተቀር ቀሪው ጨው እየጠቆረ ይውጠዋል። መፍትሔው የመጣው ከጆን ሄርሼል ነው። ይህ የከዋክብት ተመራማሪ በ1819 ዛሬ በየፎቶ ቤቱ ሃይፖ የሚባለው ፈሳሽ የብር ጨዎችን እንደሚያሟሟ ደርሶበት ነበር፤ በ1839 ፎቶግራፍ ሲፈጠር ግኝቱን ለማጽኛነት አቀረበው። ካሜሮን ሄርሼልን ገና በ1836 ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ላይ አግኝታው ከዚያ ወዲህ ወዳጁ ሆና ኖራለች፤ በ1867 ደግሞ ነጭ ጠጉሩ ተበታትኖ እንዳለ አንስታዋለች። የብርን ሥዕል ማጽናት ያስተማረው ሰው በብር ጸንቶ የቀረው በእሷ እጅ ነው።

ካሜሮን በ1815 ካልካታ የተወለደች፣ ስድስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ፣ በ1863 መጨረሻ ልጇና የልጇ ባል በስጦታ ሲሰጧት ነው። ፍሬሽዋተር በተባለው መንደር ካለው ቤቷ የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረገችው፤ የዶሮ ቤቱን ደግሞ በመስታወት ሠርታ ማንሻ ክፍል አደረገችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችውን ሥዕል እርጥቡን ገጽ በእጇ አብሳ እንዳጠፋችው ኋላ በጻፈችው ማስታወሻ ትናገራለች። የሚያውቋት ሰዎችም ልብሷ በኬሚካል የተበላሸ፣ ሽታው ከሩቅ የሚሰማ እንደነበር ጽፈዋል። አገልጋዮቿን፣ ጎረቤቶቿንና የጎረቤቷን የባለቅኔውን የቴኒሰንን እንግዶች ሁሉ እየያዘች አንስታለች።

ልዑል ዓለማየሁ ወደዚህች ደሴት የመጣው በ1868 በጋ ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ በትንሣኤ ማግስት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰውተዋል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ጠረፍ ሲጓዙ ታመው በመንገድ አርፈዋል። ልጁን የያዘው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር፤ አማርኛ የሚናገር፣ ቁመቱ እጅግ የረዘመ፣ አፄ ቴዎድሮስ ቀደም ሲል በአገልግሎታቸው ሳለ ባሻ ፈለቀ ያሉት መኰንን። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚችው ደሴት ኦዝቦርን በተባለው ቤተ መንግሥታቸው ልጁን ተቀበሉት። ካሜሮን ደግሞ ብቻውን አነሣችው፤ ከስፒዲ ጋርም አነሣችው፤ ስፒዲንና ካሳ የተባለውን የልዑሉን አገልጋይም ጦር አስይዛ እንደ ትያትር አቁማ አነሣች። ዛሬ በብዛት የሚታየው ልዑሉ ብቻውን ያለበት ነው።

ሥራውን ከመነሻው እንከተለው። ዘዴው ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ያወጣው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ ነው። ኮሎዲዮን ማለት በአሲድ የታከመ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ሟሙቶ የሚሰጠው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ የአዮዳይድና የብሮማይድ ጨው ይጨመርበታል። መጀመሪያ መስታወቱ ይወለወላል። ጥቂት ቅባት ቢቀርበት ኋላ ሥዕሉ ከመስታወቱ ይላቀቃል። ከዚያ ኮሎዲዮኑ ይፈስሳል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሐል ትገባለች፤ ኮሎዲዮን የሚያፈስ ሰው ግን መሐል ላይ አፍስሶ፣ መስታወቱን በጣቶቹ ጫፍ እንደያዘ እያዘነበለ፣ ፈሳሹን ወደ አራቱም ማዕዘን በየተራ ያደርሰዋል፤ ትርፉን በመጨረሻው ማዕዘን ወደ ጠርሙሱ ይመልሳል። ወደ ኋላ መመለስ የለም። አንድ ጊዜ የሄደበት ላይ ድጋሚ ቢፈስስ ድርብርብ ይሆናል፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ ማዕበሉ እዚያው ይደርቃል። ካሜሮን በ1866 የገዛችው ትልቁ ካሜራ 38 በ30 ሴንቲሜትር የሚያህል መስታወት የሚወስድ ነበር። ይህን የሚያህል ከባድ መስታወት በአንድ እጅ ይዞ፣ ኤተሩ ሳይተን፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እኩል ማልበስ የሠለጠነ ክንድ ይጠይቃል።

ኮሎዲዮኑ ጣት ሲነካው የሚጣበቅ ያህል ሲረጋ መስታወቱ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቢጫ ወይም በቀይ መብራት፣ ወደ ሲልቨር ናይትሬቱ ይገባል። ሦስት አራት ደቂቃ ይቆያል። ብሩ ኮሎዲዮን ውስጥ ካለው አዮዳይድ ጋር ይዋሐድና ጥርት ያለው መስታወት እንደ ወተት ይነጣል። መንከሪያው ራሱ እንክብካቤ ይፈልጋል። አዲስ ሲበጠበጥ አስቀድሞ አዮዳይድ ካልጠገበ የመጀመሪያውን መስታወት ብር መልሶ ይበላል። ጥቂት የናይትሪክ አሲድ ጠብታ ከሌለው ሥዕሉ ሁሉ በጭጋግ ይሸፈናል። ብዙ መስታወት ከገባበት በኋላ ኤተር፣ አልኮልና ቆሻሻ ይጠራቀምበታል፤ ያን ጊዜ በጠርሙስ ተደርጎ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ቆሻሻው ከጥቂት ብር ጋር ጠቁሮ ሲዘቅጥ ተጣርቶ እንደገና ይሠራበታል። ጎበዝ ፎቶግራፍ አንሺ መንከሪያውን እንደ ታማሚ ይጠብቀዋል።

መስታወቱ ከመንከሪያው ሲወጣ በላዩ ላይ ነጻ የሲልቨር ናይትሬት እርጥበት አለ። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያ እርጥበት ላይ ነው። ከደረቀ ጨዉ ክሪስታል ሆኖ ገጹን ይበሳሳል፣ መስታወቱም ብርሃን መቀበል ያቆማል። ስለዚህ ከጨለማ ክፍሉ ወደ ካሜራው፣ ከካሜራው ወደ ጨለማ ክፍሉ ያለው መንገድ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ ካሜሮን የደነገጠ ልጅ ማረጋጋት፣ ልብሱን ማስተካከል፣ መጋረጃውን ገልጣ ብርሃኑን ከአንድ ወገን ማምጣት፣ ሌንሱን መክፈት ነበረባት። እሷ ትልቅ መስታወት፣ ቅርብ ፊትና ደብዘዝ ያለ ብርሃን ስለምትወድ ሌሎች በሰከንድ የሚጨርሱት ሥራ እሷን ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ይወስድባት ነበር።

ከዚያ ማጠቡ ይመጣል። ለሙያ አድናቂ ሰው ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ደረጃ ነው። ማጠቢያው የብረት ሰልፌት፣ አሴቲክ አሲድና ጥቂት አልኮል ያለበት ውሃ ነው። ብረቱ በገጹ ላይ የቀረውን ነጻ ሲልቨር ናይትሬት ወደ ብርነት ይመልሰዋል፤ ብሩም ብርሃን በነካው ቦታ ላይ እየተከማቸ ሥዕሉን ይገነባል። ሥዕሉ የሚሠራው እርጥበቱ ላይ ካለው ብር ስለሆነ፣ ማጠቢያው ያንን እርጥበት ጠርጎ ከመስታወቱ ላይ ማፍሰስ የለበትም። በአንድ የማያቋርጥ ሞገድ ከዳር እስከ ዳር መሄድና እዚያው መስታወቱ ላይ መቆየት አለበት። ሞገዱ ለቅጽበት ቆም ካለ የቆመበት መስመር ሥዕሉ ላይ ይቀራል። በኃይል ከወረደ የወረደበት ቦታ ብሩ ታጥቦ ይሄድና ባዶ ይሆናል። አጣቢው ሥዕሉ እየጠነከረ ሲመጣ በዓይኑ እያየ፣ በዚህች ሰከንድ ይበቃል ብሎ ውሃ ያፈስሳል። ሰዓት አይረዳውም፤ የዕለቱ ሙቀት፣ የመንከሪያው ዕድሜና የፊቱ ጥላ ሁሉ ይለያያሉና። ከዚያ ሃይፖ ወይም ፖታሲየም ሳያናይድ ሲፈስበት ወተት የመሰለው መጋረጃ ይገፈፋል፤ ጥቁሩ ብቻ ይቀራል። መስታወቱ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከደረቀ በኋላ ሞቅ ተደርጎ ከሙጫና ከላቬንደር ዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ይፈስበታል። ይህም የመጨረሻው የማፍሰስ ፈተና ነው።

ይህ ሁሉ የሰጠው ኔጋቲቩን ብቻ ነው። የምናውቀው ቡናማ ሥዕል የሚገኘው ሲልቨር ናይትሬቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ነው። ስስ ወረቀት ጨው በገባበት የእንቁላል ነጭ ይለበጣል። ይህን ዘዴ በ1850 ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ብላንካር ኤቭራር ነው። ወረቀቱ የተለበጠው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ሲልቨር ናይትሬት ላይ ይንሳፈፋል። ከሥሩ አንዲት የአየር አረፋ ብትቀር ነጭ ነጥብ ትሆናለች። በጨለማ ከደረቀ በኋላ ከኔጋቲቩ ጋር ተጣብቆ ፀሐይ ላይ ይወጣል። እዚህ ማጠቢያ አያስፈልግም፤ ሥዕሉ በፀሐይ ብቻ፣ እያዩት፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። አታሚው የማተሚያውን ጀርባ ከፈት አድርጎ እያየ፣ ከሚፈልገው በላይ ሲጠቁር ያነሣዋል፤ ኋላ በሃይፖ ውስጥ እንደሚገረጣ ያውቃልና። በመሐል ወርቅ ክሎራይድ ውስጥ ይገባል። ወርቁ ከብሩ በከፊል ቦታ ይለዋወጣል፤ የጡብ ቀለም የመሰለውን ሥዕል ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ቡናማ ያደርገዋል፤ ዕድሜውንም ያረዝማል።

አሁን ወደ ልዑሉ ፊት እንመለስ። የብር አዮዳይድ የሚያየው ሰማያዊ ብርሃንና ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓይን የማያየውን ነው፤ ቀይና ቢጫ ለእሱ ጨለማ ናቸው። የጠይም ሰው ቆዳ ሙቀት ያለውን ቀለም አብዝቶ ይመልሳል፤ ስለዚህ በኮሎዲዮን ላይ ዓይን ከሚያየው ይልቅ ይጠቁራል። ነጭ ጥጥ ደግሞ ሰማያዊውን ሁሉ ስለሚመልስ ያበራል። በአንድ ሥዕል ውስጥ ነጭ ልብስ የለበሰ ጠይም ልጅ ማንሳት በዚያ ዘመን ዘዴ ከባዱ ፈተና ነበር። ለልብሱ የሚበቃ ብርሃን ቢሰጥ ፊቱ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ ለፊቱ የሚበቃው ቢሰጥ ልብሱ ነጭ ገደል ይሆናል። ብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጠይም ሰው ሲያነሱ ለልብሱ አድልተው ፊቱን ይጥሉት ነበር። ካሜሮን ለፊቱ አድልታለች። ጉንጩ ከብርሃን ወደ ጥላ ሲሄድ በደረጃ ነው የሚሄደው፤ የዓይኑ ሽፋን ክብደት፣ የከንፈሩ ዳር፣ የግንባሩ ቅርጽ አልጠፉም። ይህ በአጋጣሚ አይገኝም። ሌንሱን ከልማድ በላይ ክፍት አድርጎ መቆየትን፣ ኋላም ማጠቢያውን በትክክለኛው ቅጽበት ማቆምን ይጠይቃል።

የሹልነቱም ነገር እንዲሁ ነው። ካሜሮን ሌንሱን የምታስተካክለው ሁሉ ነገር ጥርት እስኪል ድረስ አልነበረም፤ ለዓይኗ ባማረበት ቦታ ላይ ትተወው ነበር። ልጁ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ይተነፍሳል፤ ትከሻው ትንሽ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ዓይኑ ይርገበገባል። ያ ሁሉ ተደምሮ እዚያው አለ። ሐዘኑን ስናነብ ይህንን ብናስታውስ አይጎዳንም። እንዳይንቀሳቀስ የታዘዘ ልጅ ፊት ይረግባል፤ ፈገግታ ለደቂቃ ሊያዝ አይችልም። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ውስጥ ካሉ ሕፃናት ብዙዎቹ ኮስተር ያሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ወላጆቹን በዚያው ጸደይ ያጣው ልጅ እውነተኛ ሐዘንና የዘዴው ያስገደደው ጸጥታ አንድ ፊት ላይ ተደርበዋል፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የካሜሮን ጥበብ ሐዘኑን አልፈጠረም። ያደረገችው፣ ልጁን ምንም ዓይነት ሚና ሳታለብሰው፣ ሚና ልታለብሰው በምትችልበት ቤት ውስጥ፣ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ መፍቀድ ነው። ስፒዲ ጦር ይዞ በቆመበት ሥዕል ትያትሩ ያልፋል፤ የልጁ ፊት ያለበት ግን ይቀራል።

በዚያው ዓመት ሌሎች ሰዎችም በዚሁ ዘዴ ኢትዮጵያን እያነሱ ነበር። ከናፒየር ጋር የመጡት የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፈሮች መስታወታቸውን፣ ኤተራቸውንና የብር መንከሪያቸውን በበቅሎ ጭነው ከዙላ ጠረፍ እስከ መቅደላ ወጥተዋል። ካርታና ንድፍ ይገለብጡ፣ የመቅደላን አምባ፣ ሰፈሩንና ከአፄ ቴዎድሮስ እስር የተፈቱትን አውሮፓውያን ያነሱ ነበር። ሥራቸው የተጣራ ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ ይቆጠራል፤ የጣት ምልክት አይታይም። በከፍታ ቦታ፣ ኤተር በሚተንበት ሙቀት፣ በአቧራ መሐል ይህን ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለም፤ ክብር ይገባቸዋል። አፄ ቴዎድሮስን ግን በሕይወት ሳሉ ያነሣቸው ፎቶግራፍ አንሺ የለም። የመቅደላን ድንጋይ በብር የያዘው ዘመን የጌታውን ፊት አልያዘም፤ የልጁን ፊት ግን ያዘ።

ከወታደሮቹ ጎን ሲቀመጥ የካሜሮን ሥራ የተዝረከረከ ይመስላል። በብዙ ሥዕሎቿ ጠርዝ ላይ ኮሎዲዮኑ ያልደረሰበት ማዕዘን፣ የማጠቢያ ጅረት፣ የአቧራ ነጥብ፣ አንዳንዴም የጣት አሻራ ይታያል። የለንደን የፎቶግራፍ ጋዜጦች በ1860ዎቹ አጋማሽ ያብጠለጠሏት በዚህ ነው። እሷም ግድ አይሰጣትም ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1869 ኔጋቲቮቿ ቫርኒሻቸው እንደ ማር እንጀራ እየተሰነጣጠቀ ሲያስቸግሯት ችግሩን ወደ ለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር ይዛ ሄዳ ምክር ጠይቃለች። ሥዕል የሚያጠፋ ጉድለት ያንገበግባት ነበር፤ ሥዕል የማያጠፋውን ግን ትተወዋለች። ፊቱ የተሳካ ሥዕል ማዕዘኑ ላይ ነጥብ ስላለበት ብቻ አትጥልም። ባለሙያ ማለት እንከን የሌለበት ሰው ከሆነ ካሜሮን ባለሙያ አይደለችም። ጥንቃቄውን የት ላይ ማዋል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ከሆነ ግን ከነቃፊዎቿ ትበልጣለች። ሲልቨር ናይትሬት የእጅን ምልክት ለመያዝ እንቢ የማይል ጨው ነው፤ እሷ ይህን ጠባዩን ተቀብላ ጉልበቷን ሁሉ ፊቱ ላይ አፍስሳለች።

ካሜሮን በጥር 1879 ሲሎን ውስጥ አረፈች። ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ አጠገብ በሳምባ ሕመም ሞተ፤ ዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2023 በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ተቀባይነት አላገኘም። ፎቶግራፎቹ ለንደን ያለውን ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪን በመሳሰሉ ስብስቦች ውስጥ ይገኛሉ። የእንቁላል ነጭ ከዕድሜ ጋር ቢጫ ስለሚሆንና ብርሃንም ስለሚጎዳው ጠባቂዎቹ እንዲህ ያለውን ህትመት ደብዛዛ ብርሃን ላይ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ያሳዩታል።

ወደ እኛ መጻሕፍትና ጋዜጦች ሲመጣ ግን ሥዕሉ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ የተገለበጠ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኗል፤ ጠርዙ ተቆርጧል፤ ንፅፅሩ ከርሮ ካሜሮን በደቂቃዎች ጥረት ያዳነችው የጉንጭ ጥላ ተመልሶ ጥቁር ሆኗል። ልጁ በዚህ ዓይነት ሁለተኛ ጊዜ ፊቱን ያጣል። የታሪክ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሥዕሉን ከነቡናማ ቀለሙ፣ ከነጠርዙ፣ ከነነጥቡ ቢያትሙት ወጪው ብዙም አይጨምርም። አንባቢው ያን ጊዜ የንጉሥ ልጅ ማዘኑን ብቻ ሳይሆን ፊቱ በምን ያህል ድካም እንደተጠበቀም ያያል።